ጋዝ ከመሙላታችን በፊት ቀዳዳውን እንፈልግ

እዚህ ካኩማ አሮጌ ሚኒባስና ላንድክሩዘር የሚነዱ ወንድሞቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «የኤሲ ጋዝ አስሞላሁ፣ በሳምንቱ አለቀ፤ ምንድን ነው?» የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ መስመር ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። ሳይደፍኑ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ከዚያም በላይ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለሚወጣ ኮምፕረሰሩ ይነክሳል።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ይኸው ዘይት ይመራናል። በቱቦ መጋጠሚያዎች፣ በኮምፕረሰሩ ፊት ከክላቹ ኋላ፣ ጠጠር በሚመታው ኮንደንሰር ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ፈልጉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ቀዳዳው እዚያው ነው። የመሙያዋን ቫልቭም አትርሱ። ውጪው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር ይጠረጠራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአንዲት የደረቀች የጎማ ቀለበት ነው።

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች አር-12 በሚባል ጋዝ ይሠሩ ነበር። በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ቀርቷል። ወደ አር-134ኤ ስትቀይሩ ዘይቱንም ቀይሩ፤ የጎማ ቀለበቶቹንም አብሮ መቀየር ይበጃል።

አደራ! «በርካሽ የማብሰያ ጋዝ ልሙላላችሁ» የሚላችሁን እሺ አትበሉ፤ እሳት ነው። በኦክስጅን መፈተንም ያፈነዳል፤ ባዶ መስመር የሚፈተነው በናይትሮጅን ነው። ሕመምተኛ ይዞ ወደ ሎድዋር ለሚሮጥ መኪና ኤሲ ቅንጦት አይደለምና ከብልቃጡ በፊት ቀዳዳው ይቅደም።