የማገዶ ሒሳብ፤ ብርድ ሳይገባ

ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አሥመራ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ያያል። በ1911 እ.ኤ.አ. አሥመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ አጭር ርቀት ግን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጧት በወደቡ ላይ በመሐረብ ላቡን ሲጠርግ የነበረ ሰው ማታ ኮቱን ይፈልጋል። ለወደብ ሰው ሙቀት ያለ ዋጋ የተሰጠ ነገር ነው፤ እንዲያውም ገንዘብ የሚያወጣው ከሙቀቱ ለመሸሽ ነው። ለደጋ ሰው ግን ሙቀት እንደ እህልና እንደ ዘይት ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከወደብ ወደ ደጋ የሚዛወር የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ሱቁን ወደ ላይ የሚያወጣ ነጋዴ፣ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት በወረቀት ላይ አስልቶ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማገዶውን ወጪ ነው።

ብርዱ የሚመጣው መቼ እንደ ሆነ በመጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። የአውሮፓውያንን የብርድ ወራት ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ ሁሉ «ክረምት» ብሎ ይጽፋል፤ የተሻለ ቃል ስለሌለው አይነቀፍም። ነገር ግን ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም። በአውሮፓ ውርጩና በረዶው የሚጸናው በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። በደጋው አገር ግን ብርድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አንደኛው የዝናቡ ብርድ ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለሚያድር የሌሊቱ ሙቀት እጅግ አያሽቆለቁልም፤ እርጥበቱ ግን ግድግዳውንም፣ ብርድ ልብሱንም፣ በደጅ የተከመረውንም እንጨት ይይዛል። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣው የበጋ ሌሊት ብርድ ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ሆነ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚጋርድ ደመና የለም፤ ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ውርጩ ሰብል እስከ መምታት የሚደርሰው በዚህ ወራት ነው።

ለሰውነት የበጋው ሌሊት ይከፋል፤ ለኪስ የሚከፋው ግን የዝናቡ ጊዜ ነው። መንገዱ ይጨቀያል፤ አህያውና ግመሉ እንደ ልብ አይመላለሱም፤ ወደ ገበያ የሚደርሰው እንጨትም ከውሃ ጋር ይደርሳል። ገዢው ስለ ማገዶ በእውነት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ የውሃው ጉዳይ ነው።

አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት በኩንታል የሚገዛ ሰው 50 ኪሎ እንጨትና 50 ኪሎ ውሃ ገዝቶ ይገባል። እሳቱም ቤቱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ማስወጣት አለበት፤ ጢሱና ፉጨቱ ከዚህ የሚመጣ ነው። ያው እንጨት ጥላና ነፋስ ባለበት ስፍራ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከክብደቱ አምስተኛው እጅ ብቻ ውሃ ሲቀርበት፣ ኩንታሉ ወደ 62 ኪሎ ይወርዳል። ከኪሎው የሚገኘው ሙቀት ግን እጅግ ይጨምራል፤ ርጥቡ በኪሎ 8 ሜጋጁል ያህል ሲሰጥ ደረቁ 14 ያህል ይሰጣል። ነገሩን ወደ ገበያ ቋንቋ ስንመልሰው፣ የርጥቡ ኩንታል 10 ቢያወጣና የደረቁ ኩንታል 16 ቢጠየቅበት፣ ደረቁን የገዛ ሰው አተረፈ እንጂ አልተታለለም። እንጨት በሸክም ወይም በጭነት ሲሸጥ ደግሞ ሚዛን የለምና ገዢው በእጁ መመዘን ይኖርበታል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ ጫፉም ላይ ስንጥቅ ከታየ ደርቋል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠና ልጡ ሲላጥ እጅን ካረጠበ ገና ነው።

እንግዲህ የሚገዛበት ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ ያለው ነው። በዚያ ወራት የገባ እንጨት ሐምሌ እስኪደርስ ሊደርቅ ጊዜ አለው። ለዚህ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ያሻል፤ የወር ደመወዝተኛውን የሚያስቸግረውም ይህ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መግዛት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነሐሴ ሲደርስ ግን የልጆች ምዝገባና የዘመን መለወጫ ወጪ ከውዱ እንጨት ጋር በአንድ ወር ይገጣጠማል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው በየካቲት ወይም በመጋቢት እንዲደርሰው ቢስማማ፣ ከዕቁብ ገንዘብ እንዲህ ያለ የረባ ሥራ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። ነጋዴም ቢሆን በበጋ ገዝቶ ጣራ ባለው ስፍራ ያኖረውን በክረምት በተሻለ ዋጋ ቢሸጥ ሊወቀስ አይገባውም፤ ገንዘቡን አሥሮ የቆየበት ዋጋ ነውና። የሚወቀሰው ርጥቡን በደረቅ ስም የሚሸጠው ነው።

ስለ አቀማመጡ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ድንጋይ ወይም አግዳሚ ግንድ ከሥሩ ማድረግ ከምስጥና ከመሬት እርጥበት ያድነዋል፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ በጎኑ ነፋስ ካገኘ ይበቃዋል። በሸራ ጥፍንግ አድርጎ መሸፈን እንጨቱን ያሻግተዋል።

ከሰልን የሚመርጥ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ጢስ የለውም፣ ለመሸከም ይቀላል፣ ፍሙም ይቆያል። በኪሎ ሲታይ ከደረቅ እንጨት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን በባላገር አሠራር አፈር ተመልሶበት በሚከሰልበት ጉድጓድ ውስጥ ለ1 ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ይህም ማለት ከዛፉ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው ማንንም ሳያሞቅ በጫካው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ለአስተዳዳሪዎች ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። እንጨት ከባድ ስለ ሆነ ከሩቅ አይመጣም፤ የጭነቱ ዋጋ ያግደዋል። ከሰል ግን ቀላል በመሆኑ የመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ይችላል፤ ስለዚህ ከተማ ከሰል ማንደድ ከጀመረ ከቶ ዓይኑ ያላየውን ጥድና ወይራ ያስቆርጣል።

የማገዶ እጦት የመንግሥትን መቀመጫ እስከ መንቀል የደረሰበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ በጥቂት ዓመታት አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ወስደው አዲስ ዓለም ላይ ለመትከል አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ የቀረው ለተሠራው ሥራ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ስላሳዘነ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንዳስገባው የሚነገርለት ባሕር ዛፍ ተስፋ ስለ ሰጠ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም በባሕር ዛፍ ተከበበች። ዛፉ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ስሙን ከዚያው አገኘ። ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም፣ ውሃም ይመጣል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ተቆርጦ ከጉቶው ዳግመኛ የሚያቈጠቍጥና ቶሎ የሚደርስ ዛፍ በመሆኑ፣ የከተማን ብርድ የቻለው እርሱ ነው። በአሥመራ ዙሪያም በኢጣልያ ዘመን ተተክሏል።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ ሒሳብ አላመለጡም። በ2021 እ.ኤ.አ. መጸው የአውሮፓ የጋዝ ማከማቻዎች እንደ ልማዳቸው ሳይሞሉ ብርዱ ደረሰ፤ በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ በቧንቧ የሚመጣውም ጋዝ እየቀነሰ ሄደ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ሰኔ ማከማቻዎቹ እስከ ኅዳር መባቻ 80 በመቶ እንዲሞሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ሞሉም፤ ነገር ግን የሞሉት ዋጋው በነሐሴ ጣሪያ በነካበት በጋ ነበር።

ከመግዛት በፊት ያለውን ሙቀት ማስቀረት ይቀድማል። በአሮጌው ህድሞ የሚኖር ገበሬ የድንጋይ ግድግዳው ውፍረትና የአፈር ጣራው ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። ቆርቆሮ የለበሰ አዲስ ቤት ግን ኮርኒስ ከሌለው ሙቀቱን በአናቱ ያፈስሳል፤ ከእሳቱ የሚነሣው አየር ቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ይወጣልና። ስለዚህ ኮርኒስ ማስመታትና በመዝጊያው ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መድፈን ከብዙ ሸክም እንጨት ይበልጣል። በምድጃውም ቢሆን እንዲሁ ነው። በኤርትራ የኢነርጂ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተሻሻለው የሞጎጎ ምድጃ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል፤ ለዚህም ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. የአሽደን ሽልማት ተሰጥቶታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አለ፤ ቤትን በመድፈን የሚገኘው ጥቅም ሁሉ በከሰል ፊት ወደ አደጋ ይለወጣል። በደጅ የተቀጣጠለ ፈርኔሎ ጢሱ ካለቀ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ ፍሙ ቀልቶ ስለሚታይ ንጹሕ ይመስላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ኀይል ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሆድ ይገለበጣል፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ያልፋል። ውሃ በድስት አፍልቶ ከጎኑ ማስቀመጥም፣ ዕጣን ማጤስም ይህን ጋዝ አይቀንሰውም። ፈርኔሎ ባለበት ክፍል መስኮት ጥቂት ይከፈታል፤ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል ፍሙ ሳይበርድም ቢሆን ወደ ደጅ ይወጣል፤ ለሌሊቱ የሚሆነው ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። የወደብ ሰው ሙቀትን በማስወጣት ስለ ለመደ፣ በዚህ ረገድ ከደጋው ሰው ይልቅ ጥንቃቄ ሊያሻው ይችላል፤ በሩን አጥብቆ መዝጋት የሚማረው በመጀመሪያው የብርድ ሌሊት ነውና።