አዲስ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ አልጫን ሲል፤ ምክንያቱና መፍትሔው

ለንግድ ቤት ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ኮምፒዩተር የሒሳቡን መዝገብ፣ የዕቃውን ዝርዝርና ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የሚደረገውን መጻጻፍ ሁሉ የሚይዝ ዋና መሣሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ ከካርቶኑ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠ ብቻ ሥራ አይጀምርም። አስቀድሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ መሣሪያውን የሚያዝዘውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም ሊጫንበት ያስፈልጋል። ይህ የመጫን ሥራ ግን አንዳንድ ጊዜ ከመካከል ላይ ቆሞ ይቀራል። በዚህን ጊዜ ገዥው «ዕቃው ብልሹ ነው» ብሎ ለባለሱቁ ይመልሳል፤ ባለሱቁም ለአስመጪው፣ አስመጪውም በውጭ አገር ላለው ሻጭ ያመለክታል። በመጨረሻ ሲመረመር ዕቃው ደኅና ሆኖ፣ የጐደለው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መካከል የማጓጓዣው ወጪ፣ የጠፋው ጊዜና በገዥና በሻጭ መካከል የተፈጠረው ቅሬታ ሁሉ ከንቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የብልሹ ዕቃን ምልክት ከአጫጫን ጕድለት ለይቶ ማወቅ ለሁሉም ወገን ይጠቅማል።

ጕዳዩ በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ የሚያሳስብበትም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 በበኩሉ በማንኛውም አሮጌ መሣሪያ ላይ አይጫንም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ስፋት፣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ክፍልና ሴኪዩር ቡት የተባለውን የአነሣሥ ጥበቃ ለመቀበል የሚችል መሣሪያ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ብዙ የንግድ ቤቶች አሮጌውን በአዲስ ለመለወጥ ተገደዋል።

ቆሟል ከማለት በፊት

በስክሪኑ ላይ የሚታየው የመቶኛ ቍጥር ለብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ሥራው ቆሟል ለማለት አያበቃም። መሣሪያው ትልልቅ ፋይሎችን በሚፈታበትና ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሚያውቅበት ጊዜ ቍጥሩ ባለበት ይቆያል። ስለ ሆነም የዲስኩ ወይም የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መታገሥ ይገባል። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም መብራቱም ቍጥሩም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ቆሟል ማለት ይቻላል። ዲስኩ በሚጻፍበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የተጀመረው ሥራ ስለሚበላሽ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነም ዩ.ፒ.ኤስ. በሚባለው የኤሌክትሪክ ማቆያ ላይ ተሰክቶ መጀመር አለበት።

ከቆመም በኋላ ቶሎ አጥፍቶ እንደገና ከመሞከር ይልቅ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቃል ወይም የስሕተት ቍጥር በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። ባለሙያው መፍትሔውን የሚያገኘው «አልሠራም አለ» ከሚለው አነጋገር ሳይሆን ከዚያ ጽሑፍ ነው። ሥራው የቆመበት ቦታም ምክንያቱን ስለሚያመለክት፣ ዋና ዋናዎቹ እንደሚከተለው ተራ በተራ ተገልጸዋል።

1ኛ/ ገና ሲጀመር የፊደል ገበታውና ማውሱ አልታዘዝ ሲሉ

ይህ ችግር የሚያጋጥመው በአዲስ መሣሪያ ላይ አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን ሲሞከር ነው። አንዳንድ የንግድ ቤት የለመደው የሒሳብ ፕሮግራም ከዊንዶውስ 7 ጋር ብቻ ስለሚስማማ፣ አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ ዊንዶውስ 7 እንዲጫንለት ይጠይቃል። ዊንዶውስ 7 የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ሲሆን፣ የመጫኛው ፍላሽ ወይም ሲዲ ዩ.ኤስ.ቢ. 3 የተባለውን መሰኪያ የሚያሠራ ድራይቨር የለውም። ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከአንድ የመሣሪያ ክፍል ጋር የሚያስተዋውቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኢንቴል ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ባወጣቸው በ6ኛው ትውልድ መሣሪያዎቹ ላይ የቀድሞውን የዩ.ኤስ.ቢ. 2 መቆጣጠሪያ ስላስቀረ፣ የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ በደኅና ከታየ በኋላ የፊደል ገበታውም ማውሱም በድን ሆነው ይቀራሉ። ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የተባሉትን ፈጣን ዲስኮች የሚያሠራ ድራይቨርም በውስጡ የለም።

ድራይቨሮቹን አስቀድሞ ወደ መጫኛው በማስገባት ችግሩን ለጊዜው ማለፍ ይቻላል። ሆኖም ጥበቃው የተቋረጠ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር በተያያዘ የንግድ ቤት ኮምፒዩተር ላይ መጫን፣ በሩን ሳይዘጉ ገንዘብ ቤት ትቶ እንደ መሄድ ነው። የሚሻለው የሒሳቡን ፕሮግራም ሠሪ ለአዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚስማማውን መጠየቅ ነው።

2ኛ/ ዲስኩ አልተገኘም ሲል

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ገዥዎችን የሚያስደነግጠው ይህ ነው። መጫኛው በደኅና ተነሥቶ «በየትኛው ዲስክ ላይ ልጫን?» ብሎ ከሚጠይቀው ገጽ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ ምንም ዲስክ እንዳልተገኘና ድራይቨር እንደሚያስፈልግም ይገልጻል። ገዥው «ዲስክ የሌለው ኮምፒዩተር ተሸጠልኝ» ብሎ የሚከራከረው በዚህን ጊዜ ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኢንቴል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ካወጣው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪ.ኤም.ዲ. የተባለ የዲስክ መቆጣጠሪያ ተከፍቶ ይመጣል። ይህ መቆጣጠሪያ ዲስኩን ከኋላው ስለሚያደርገው፣ የራሱ ድራይቨር የሌለው መጫኛ ዲስኩን ሊያየው አይችልም። በመጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ በሩ ቢቈለፍበት ጠፋ እንደማይባል ሁሉ፣ ዲስኩም በቦታው ነው፤ የጐደለው ቁልፉ ነው። ፋብሪካው ራሱ የጫነው ዊንዶውስ በደኅና የሚሠራውም ፋብሪካው ድራይቨሩን አብሮ ስላስገባ ነው።

የዕቃውን ደኅንነት ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ወዲያው ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የተባለውን ቁልፍ፣ ወይም ሠሪው ያዘዘውን ሌላ ቁልፍ በመጫን ባዮስ ወደሚባለው የመሣሪያው መነሻ ገጽ ይገባል። በዚያ ገጽ ላይ የዲስኩ ስምና ስፋት ተጽፎ ከታየ ዲስኩ በመሣሪያው ታውቋል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የድራይቨር መጕደል ነው። በዚያም ካልታየ ግን ዲስኩ በመሰኪያው ላይ በደንብ አልተቀመጠም ወይም በእርግጥ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ፣ ለሻጩ መመለስ ተገቢ ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ከኮምፒዩተሩ ሠሪ የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ በመሣሪያው የሞዴል ቍጥር ተፈልጎ፣ ራፒድ ስቶሬጅ ቴክኖሎጂ የተባለውን የኢንቴል ድራይቨር ማውረድ ነው። የወረደው ፋይል የታሸገ ስለሚሆን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተፈትቶ በመጫኛው ፍላሽ ላይ በአንድ ፎልደር ይቀመጣል። ከዚያም ባዶ ዝርዝሩ በታየበት ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን መርጦ ያንን ፎልደር ማመልከት ነው። ዲስኩም ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ በባዮስ ገጽ ላይ ቪ.ኤም.ዲ. የተባለውን መዝጋት ነው። ይህ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቪ.ኤም.ዲ. ተከፍቶ ሳለ የተጫነና በመሥራት ላይ ያለ ዊንዶውስ ካለ፣ መቆጣጠሪያው ሲዘጋ መነሣት ሊሳነው ይችላል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚስማማው ምንም ላልተጫነበት ዲስክ ነው።

3ኛ/ ዲስኩ ታይቶ መጫኛው አልቀበልም ሲል

አንዳንድ ነጋዴ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ያወጣውን ዲስክ በአዲሱ ላይ ያስገባል። መጫኛው ዲስኩን ያየዋል፤ ነገር ግን የአከፋፈሉ ሥርዓት ኤም.ቢ.አር. የተባለው የቀድሞው ስለሆነና አዲሱ መሣሪያ ጂ.ፒ.ቲ. የተባለውን ስለሚፈልግ አልጭንም ይላል። በዚህን ጊዜ ችኩል ባለሙያ ዲስኩን ጠርጎ እንደገና ይከፍለዋል፤ መጫኑም ይሳካል። ሆኖም በዲስኩ ላይ የነበረው የዓመታት ሒሳብ አብሮ ይጠረጋል። ከአጫጫን ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር ቢበላሽ በገንዘብ ይተካል፣ የጠፋ የዱቤ መዝገብ ግን ባለዕዳው ራሱ ካላስታወሰ በቀር አይተካም።

ስለዚህ የሒሳቡ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ላይ መኖሩ ተከፍቶ ሳይረጋገጥ ማንኛውም ዲስክ መጠረግ የለበትም። መሣሪያው ሁለት ዲስክ ካለውም መዝገብ ያለበትን ነቅሎ ማስቀመጥ ዋነኛው ጥንቃቄ ነው፤ በመጫኛው ገጽ ላይ ዲስኮች በቍጥር ብቻ ስለሚጠሩ አንዱን በሌላው መሳሳት ቀላል ነውና።

4ኛ/ ፋይሎች በመገልበጥ ላይ ሳሉ ሲቆም

ሥራው በመካከል ሲቆም ወይም ፋይል አልተገኘም ሲል፣ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ፍላሹ ነው። ከኢንተርኔት ሲወርድ የተቋረጠ ፋይል ሙሉ መስሎ ይታያል። ይህን ለማረጋገጥ አሳታሚው ኩባንያ የሚያወጣውን ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የተባለ የመለያ ቍጥር ከወረደው ፋይል ቍጥር ጋር ማመሳከር ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያዩ ፋይሉ ትክክለኛ አይደለም። ደግሞም ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይይዝም፤ ከዊንዶውስ መጫኛዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ፋይል አላቸው። ማይክሮሶፍት ራሱ ባዘጋጀው የፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ከዚህ ችግር ያድናል።

ፍላሹ ተለውጦም ሥራው በየጊዜው በተለያየ ቦታ የሚቆም ከሆነ ራም ይጠረጠራል። ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥቶ በአንዱ ብቻ መሞከር፣ ቀጥሎም ማለዋወጥ ብልሹውን ለይቶ ያሳያል። ይህ ሲረጋገጥ ገዥው በዋስትናው መሠረት ምትክ የመጠየቅ መብት አለው።

5ኛ/ ከተነሣ በኋላ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ፣ ወይም ኢንተርኔት ሲጠይቅ

መጫኛው የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ከጀመረ፣ ምክንያቱ መሣሪያው አሁንም ከፍላሹ በመነሣቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና ሊነሣ ሲል ፍላሹን መንቀል ይበቃል። በዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ኢንተርኔት ይጠየቃል። የአዲሱ ላፕቶፕ የዋይ ፋይ ድራይቨር በመጫኛው ውስጥ ከሌለ አንድም የኔትወርክ ስም ስለማይታይ ሥራው በዚያ ይቆማል። የኔትወርክ ገመድ በመሰካት፣ ወይም ስልክን በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ አያይዞ ኢንተርኔቱን በማካፈል ብዙ ጊዜ ማለፍ ይቻላል።

ለነጋዴዎች የሚገባው ጥንቃቄ

አስመጪ ብዛት ያለው ኮምፒዩተር ከማዘዙ በፊት የአንዱን ሞዴል ናሙና አስመጥቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስጫን ይገባዋል። በውሉም ላይ መሣሪያው የትኛውን ዊንዶውስ እንደሚቀበልና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበት ወይም ሳይጫንበት እንደሚመጣ በግልጽ ይጻፍ። ባለሱቅ ደግሞ የሚሸጠውን ሞዴል ድራይቨሮች አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ቢይዝና ለገዥው ቢሰጥ፣ ተመላሽ ዕቃ ይቀንስለታል፤ ደንበኛም ያተርፋል። ገዥውም በበኩሉ በአዲሱ ኮምፒዩተር ቢያንስ የአንድ ወር ሒሳብ ተዘግቶ ትክክለኛነቱ እስኪታይ ድረስ አሮጌውን መሸጥ ወይም መጥረግ የለበትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ገበያ በሞቀበት ቀን በችኮላ የተጀመረ የመጫን ሥራ በዚያው ቀን የንግድ ቤቱን ሥራ ያስተጓጕላል። ግልባጩ ተይዞ፣ ድራይቨሩ ተዘጋጅቶና ጊዜ ተመድቦለት የተጀመረ እንደ ሆነ ግን፣ ሥራው ከመካከል ቢቆም እንኳ ነጋዴው የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ መዝገቡም ገንዘቡም በእጁ ነው።