የክትባት ፍሪጅ የሙቀት ማስጠንቀቂያ

የክትባት ፍሪጅ የሙቀት ማስጠንቀቂያ፣ ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለው ክልል መውጣቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። የተለመደው መመዝገቢያ መሣሪያ ሙቀቱ ለ10 ሰዓት ያለማቋረጥ ከ8 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ወይም ለ1 ሰዓት ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያም ሲወርድ ምልክት ይሰጣል።

በመጀመሪያ የሚታዩት መብራት መኖሩ፣ በሩ በደንብ መገጠሙና የበረዶው ውፍረት ናቸው፤ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ የሆነ በረዶ መቅለጥ አለበት። ፍሪጁ ቶሎ ካልተስተካከለ ክትባቱ ወደ ቀዝቃዛ ሣጥን ይዛወራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ «ቶሎ ይቀዝቅዝ» ብሎ መቆጣጠሪያውን መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ ክትባቱን በረዶ ሊያደርገው ይችላልና። የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ ቢቀልጡም አቅማቸው አይመለስም፤ ሲታዩ ግን ደኅና ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ የተጠረጠረው ብልቃጥ፣ ሆን ተብሎ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ የዚያው ባች ብልቃጥ ጋር አብሮ ተንጦ ይቀመጣል። እንደዚያኛው ቶሎ ከዘቀጠ ይጣላል። የፖሊዮ ጠብታን በረዶ አይጎዳውም።