የኬንያ ወጣቶች የግብር ረቂቅ ሕግን በእጅ ስልክ የተቃወሙበት ስልት

በኬንያ በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም (እ.አ.አ በ2024) በፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ላይ የተቀሰቀሰው ተቃውሞ የተጠነሰሰው በፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በወጣቶች የእጅ ስልክ ነበር። ንቅናቄው የፓርቲ መሪም ሆነ የጎሣ ወኪል አልነበረውም።

መንግሥት በረቂቅ ሕጉ ከ346 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ተጨማሪ ገቢ ለመሰብሰብ አቅዶ ነበር። ከቀረቡት ሐሳቦች መካከል በዳቦ ላይ የሚጣል የ16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እና በተሽከርካሪ ዋጋ ላይ በየዓመቱ የሚታሰብ የ2 ነጥብ 5 በመቶ ግብር ይገኙበታል።

የወጣቶቹ ቀዳሚ ተግባር ሕጉን ማስረዳት ነበር። ለብዙኃኑ አስቸጋሪ የሆነውን የሕግ ቋንቋ ወደ ገበያ ዋጋ መንዝረው በአጫጭር የቲክቶክ ቪዲዮዎች፣ በስዋሂሊና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች አብራሩ። የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ስለ ረቂቁ ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን ሠሩ።

ቀልድም የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በመጽሐፍ ቅዱስ በተጠቀሰው የቀራጮች አለቃ በዘኬዎስ ስም "ዛካዮ" ተባሉ። "ዛካዮ፣ ውረድ" የሚለው መፈክርም ከማኅበራዊ ድረ ገጾች ወደ ጎዳና ወጣ። የምክር ቤት አባላት ስልክ ቁጥር ተሰራጭቶ ስልካቸው በመልእክት ሲጥለቀለቅ፣ ወጣቶቹ ድርጊቱን "ሰላምታ ማቅረብ" ሲሉ ሰየሙት። በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፊያም ለቁስለኞች ሕክምና መዋጮ ተሰበሰበ።

ሰኔ 11 ቀን ሰልፍ በወጣበት ዕለት መንግሥት የዳቦውን ታክስ ጨምሮ አንዳንድ ሐሳቦችን እንደሚተው ቢያስታውቅም ተቃውሞው አልበረደም። ሰኔ 18 ቀን ምክር ቤቱ ረቂቁን በ195 ድጋፍና በ106 ተቃውሞ አጸደቀ፤ ሰልፈኞችም ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ዘልቀው ገቡ፤ ፖሊስም ተኩስ ከፈተ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ ገለጹ። የኬንያ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እስከ ሰኔ 24 ቀን ድረስ ቢያንስ 39 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል።

ሂደቱ የዲጂታል ስልትን አቅምና ወሰን በአንድነት ያሳያል። መሪ አለመኖሩ መሪን በማሰር ወይም በማባበል ንቅናቄውን ማስቆም እንዳይቻል አድርጓል፤ በአንጻሩ ሕዝቡን ወክሎ የሚደራደር አካል አልተገኘም። ከረቂቁ አንዳንድ ድንጋጌዎች በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በሌላ የታክስ ማሻሻያ ሕግ ተመልሰው ወጥተዋል።

መሣሪያውን የሠራ ሰው ለእስር ሊጋለጥ እንደሚችልም ታይቷል። በግንቦት 2017 ዓ.ም ዜጎች በአዲሱ የፋይናንስ ረቂቅ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ለምክር ቤቱ በኢሜይል እንዲልኩ የሚያግዝ ድረ ገጽ ያዘጋጀች ባለሙያ ታስራ በኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ተከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በሰኔ ወር ክሱ የወንጀል ፍሬ ነገር እንደሌለው በመግለጽ ውድቅ አድርጎታል። ውሳኔው ዜጎች በቀላል መሣሪያ ታግዘው ሐሳባቸውን ለሕግ አውጪው ማድረሳቸው በወንጀል ሊያስጠይቅ ይገባል ወይ ለሚለው ክርክር ተጠቃሽ ሆኗል።