ሦስት መደብ ማንጎ፣ አንድ ሚዛን

አንዱ «የባምባሲ ማንጎ ይበልጣል» ይላል። ሌላው ለሆሞሻ ይምልላታል። ሦስተኛው ደግሞ ከአሶሳ ከተማ ጓሮ ማንጎ የሚወዳደር የለም ባይ ነው። እስቲ ክርክሩን ለወጥ ቤት ሚዛን እንስጠው።

ከየቦታው አራት አራት ማንጎ መዘንን እንበል፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የአሶሳዎቹ 290፣ 300፣ 300 እና 310 ግራም ሆኑ። የባምባሲዎቹ 310፣ 320፣ 320 እና 330፤ የሆሞሻዎቹ 330፣ 340፣ 340 እና 350። አማካያቸው 300፣ 320 እና 340 ነው። ከሆሞሻ ትንሹ ማንጎ እንኳ ከአሶሳ ትልቁን ስለሚበልጥ እዚህ ላይ የሚከራከር አይኖርም።

አሁን ሌላ ሦስት መደብ እናምጣ። አሶሳ 220፣ 280፣ 320፣ 380፤ ባምባሲ 240፣ 300፣ 340፣ 400፤ ሆሞሻ 260፣ 320፣ 360፣ 420። አማካዮቹ ያው 300፣ 320፣ 340 ናቸው። ግን እዚህ የአሶሳው ትልቅ ከሆሞሻ አማካይ በ40 ግራም ይበልጣል። ነገ ሌላ አራት አራት ብናነሳ ደረጃው ሊገለባበጥ ይችላል። እንዲህ ያለው መበታተን አሶሳ ላይ ብርቅ አይደለም፦ ከዘር የበቀለ ማንጎ እንደ ዛፉ ይለያያል፤ ግራፍት የተደረገው ግን ከአንድ እናት ዛፍ የተቀዳ ስለሆነ ፍሬው ይቀራረባል።

እንግዲህ አማካይ ብቻውን ምንም አልነገረንም። በመደቦች መካከል ያለው ርቀት የሚመዘነው በየመደቡ ውስጥ ካለው መበታተን አንጻር ነው። አኖቫ የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት ሥራው ይኸው ነው።

በእጅ እንሥራው። የ12ቱ ማንጎዎች ጠቅላላ አማካይ 320 ነው። የሦስቱ መደቦች አማካይ ከዚህ በ20፣ በ0 እና በ20 ይርቃል፤ እያንዳንዱን በራሱ ስናባዛ 400፣ 0፣ 400። በየመደቡ አራት ማንጎ ስላለ ድምሩን በ4 አባዝተን 3,200 እናገኛለን። ከመደቦቹ ቁጥር አንድ ቀንሰን ለ2 ስናካፍለው 1,600፤ ይህ የመካከሉ ልዩነት ነው። ለውስጡ ደግሞ እያንዳንዱ ማንጎ ከገዛ መደቡ አማካይ የራቀበትን በራሱ አባዝተን እንደምራለን፦ በመጀመሪያው ዙር 600። 12 ማንጎ ሲቀነስ 3 መደብ፣ ማለትም ለ9 ሲካፈል 67 ገደማ። 1,600ን ለዚህ ብናካፍል 24 ይመጣል። በሁለተኛው ዙር የውስጡ ድምር 40,800 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 4,533፤ መልሱም 0.35 ብቻ።

ይህ መልስ የኤፍ ቁጥር ይባላል። ሦስቱም ቦታዎች እኩል ቢሆኑ ኖሮ አማካዮቹ በዕድል ብቻ መራራቃቸው አይቀርም ነበር፤ ያኔ ተካፋዩም አካፋዩም የሚለኩት ያንኑ የማንጎ መበታተን ስለሚሆን መልሱ በ1 አካባቢ ይዋልላል። ለሦስት መደብና ለ12 ማንጎ ሠንጠረዡ የሚያስቀምጠው ወሰን 4.26 ነው፤ ልዩነት በሌለበት ይህን በዕድል የሚያልፈው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። 24 በሩቁ አለፈው፤ 0.35 አጠገቡም አልደረሰ።

ታዲያ ለምን ሁለት ሁለቱን አናወዳድርም? ስድስት የአኩሪ አተር ዝርያ ቢኖረን 15 ጥንድ ይወጣል። በእያንዳንዱ ከመቶ አምስት የመሳሳት ዕድል ካለ፣ ቢያንስ አንዴ በከንቱ «ተገኘ!» ብሎ የመጮህ ዕድላችን ከመቶ አምስት በብዙ ይበልጣል። አኖቫ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ይጠይቃል። በእርግጥ የሚነግረን «አንዱ ቢያንስ ይለያል» ብሎ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሌላ ተከታይ ፈተና ያስፈልጋል።

ስሌቱ የተወለደው እርሻ ላይ ነው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባ፤ በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ ስሌቱን ለተመራማሪዎች ሁሉ አዳረሰው። በኤፍ ፊደል የሰየመው ግን አሜሪካዊው ስኔዴኮር ነው፤ ለፊሸር ክብር ሲል። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን በመሰለ ቦታ አንዱ ዝርያ በአንድ ማሳ ብቻ የማይዘራውም ለዚሁ ስሌት ሲባል ነው። አንዱ ቁራሽ መሬት አሲዳማነቱ ይበረታል፤ ሌላውን ምስጥ ይጎበኘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ በዕጣ በተለያዩ ቁራሾች ይደጋገማል፤ የውስጡ መበታተን ካልተለካ የሚካፈልበት የለማ!

ማንጎውም ቢሆን በዕጣ ካልተነሳ ስሌቱ አያዋጣም። ወደ ገበያ እንውጣ። ነጋዴዋ ትልልቁን ከመደቡ አናት ላይ ታስቀምጣለች፤ ከላይ ከላይ ያነሳ ሰው የመዘነው የእሷን አደራደር ነው። ከአንድ ዛፍ አራት ማንጎ ለቅሞ «ሆሞሻን መዘንኩ» የሚል ደግሞ አራት ወንድማማቾችን አስመስክሮ አራት ገለልተኛ ምስክር አቀረብኩ እንደሚል ባለጉዳይ ነው።