ችሎቱ የማይጠይቃችሁ ጥያቄ

ይህን በችሎት ውስጥ የሚነግራችሁ የለምና ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ። ለፍቺ ወደ ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ታሪክ ይዞ ይመጣል፦ ማን በደለ፣ ማን ከዳ፣ ማን እያመሸ ገባ፣ የማን እናት በትዳሩ ገባችበት። ታሪኩን ለወራት ሲያብሰለስለው ከርሟል። ጠበቃ ቢሮ ሲገባ የሚናገረው እሱን ነው፣ አቤቱታው ላይ እንዲጻፍለት የሚፈልገው እሱን ነው፣ ምስክር የሚቆጥረውም ለእሱ ነው። ዳኛው ፊት ሲቆም ግን ስለዚያ ታሪክ እምብዛም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ልጁ የት እንደሚማር፣ በወር ስንት እንደሚከፈልለት፣ ጠዋት ማን እንደሚያደርሰው፣ ቤቱ መቼ እንደተገዛና በምን ገንዘብ እንደተከፈለ ነው። በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት እውነት ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ለማይቀርብ ጥያቄ ሲዘጋጅ ለሚቀርበው ማስረጃ ሳይይዝ ቀርቶ ነው።

ጥፋተኛ የመፈለጉ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሕጉ ከባድ ምክንያት የሚላቸው ነገሮች ነበሩት፤ ዝሙት አንዱ ነው፣ ጥሎ መጥፋት ሌላው። ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍፍሉ ይጎዳ ስለነበር ማን በደለ የሚለው ጥያቄ የገንዘብም ጥያቄ ነበር። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ጨምሮ ብዙዎች ለለውጥ ተሟገቱ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ወጣና ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ የጋራ ንብረትም እኩል እንዲካፈል ደነገገ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራን፣ ኦሮሚያንና ትግራይን የመሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የምትኖሩት እዚያ ከሆነ አንቀጽ ስትጠቅሱ የክልላችሁን ያዙ። ይህ ሁሉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰዉ ግን ዛሬም በአሮጌው ሕግ ልብ ይመጣል። በደል ጨርሶ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ድብደባ ካለ ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ በሚለው ላይ ይመዘናል፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆንም ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል። ሌላው ሁሉ ግን ሆድን ቢያቃጥልም መዝገቡን አያንቀሳቅስም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ትዕዛዝ መስጠት አለበት። የአዋጁ አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ ጻፉት። የፍቺው ውሳኔ እስኪመጣ አይጠበቅም። በተግባር የሚሆነውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ዳኛው ጠረጴዛ ላይ የዕለቱ መዝገብ ተቆልሏል። አቤቱታችሁ ስምንት ገጽ ቢሆን ሰባቱ ስለ በደል ነው፣ የልጆቹ ቀለብ በመጨረሻው ገጽ በአንድ መስመር ተጠቅሷል። መጥሪያ ይድረስ ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። መጥሪያው ሳይደርስ ይመለሳል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ መካከል ላይ የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ይገባል። እናትየው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ልጆች ይዛ ወንድሟ ቤት ሳሎን ውስጥ ትተኛለች። ስለዚህ የጊዜያዊ ትዕዛዝ ጥያቄያችሁን ለብቻው በአንድ ገጽ ጻፉት፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ወረቀት አያይዙበት፤ የምትጠይቁትን የገንዘብ መጠን በቁጥር አስቀምጡ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቆማችሁ አስታውሱ። ቤትና መኪና ካለም እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ የሚል እግድ በዚያው ጠይቁ። መኪናው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ እግድ ለማንም አይጠቅምም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ነገር አይደለም። ጊዜያዊ የተባለው ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ዋናውን ውሳኔ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። ልጁ አንድ ዓመት ከአያቱ ጋር ከቆየ፣ እዚያ ሰፈር ትምህርት ከጀመረ፣ ጓደኛ ካፈራ፣ ዳኛው በመጨረሻ ልጁን ከለመደው ቦታ መንቀል ይከብዳቸዋል። የሚከብዳቸውም ለልጁ አስበው ስለሆነ አልወቅሳቸውም። ከቤት መውጣትም እንዲሁ ነው። ከባልና ሚስት አንደኛው የጋራ መኖሪያውን ይልቀቅ የሚባል ከሆነ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመልቀቁ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ማየት እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። ይህን የማያውቁ ብዙ ሴቶች የፍቺ ነገር ሲነሳ ሻንጣ ይዘው ራሳቸው ይወጣሉ። ድብደባ ካለ ግን ይህን ሁሉ እርሱትና ውጡ፤ ለፖሊስ አመልክታችሁ የሐኪም ማስረጃ ያዙ፣ ስለ ቤቱ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።

በኮሪደሩ ከሚወራው ሁሉ የማይሞተው ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናቱ ነው የሚለው ነው። ይህ የ1952ቱ ሕግ ነበር፤ 213/1992 ላይ የለም። አሁን ያለው አንቀጽ 113 ሲሆን የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እያየ ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ያዛል። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔው ሊሻሻልም ይችላል። በዚያ የድሮ ወሬ የተነሳ ሳይከራከሩ የሚሸነፉ አባቶች ያሳዝኑኛል። ልጁን በጀርባው አዝሎ ክትባት ያስከተበ፣ የወላጆች ስብሰባ ያልቀረበት አባት፣ አይሰጡኝም ብሎ መልስ እንኳ ሳያቀርብ ይቀራል። በተቃራኒው ሲኖሩ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቅ፣ ሲፋቱ ግን ቀለብ ላለመክፈል ሲል ልጁ ይሰጠኝ የሚል አለ። ዳኞቹ ይህን ያውቁታል። አንድ ሁለት ጥያቄ ይበቃቸዋል፦ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ማን ይባላል? ምን መድኃኒት አይስማማውም?

ዳኛው የልጁን ሐሳብ መስማት ሲፈልጉ የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልጁን ለብቻው እንድታነጋግረው ያደርጋሉ። እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን አታስጠኑ። የሰባት ዓመት ልጅ አባቴ የትዳር ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ሲናገር ባለሙያዋ ያ አረፍተ ነገር የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሪፖርቷ ላይም ትጽፈዋለች። ያስጠናው ወላጅ በዚያ ሪፖርት ይጎዳል። ልጁ የሚጎዳው ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን እንደከዳ እያሰበ ያድጋል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ደጋግሜ አነሳዋለሁ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። በአስተዳደጉ ያልነበረው አባት አሳዳሪነቱን ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ወላጅ ነውና ሰጡት። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረና ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ አደረገ። የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ይህ ውሳኔ ዛሬም ይጠቀሳል። አባት መሆን፣ እናት መሆን ብቻውን አይበቃም ያለ ውሳኔ ነው፤ እኔ በሙሉ ልቤ እስማማበታለሁ።

ስለ ቀለብ ደግሞ ይህን ስሙ። መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው፤ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርት ሁሉ ይገባበታል። ክርክሩ የሚያልቀው አቅም የሚለው ላይ ነው። ከፋዩ መነሻ ደመወዙን ብቻ የሚያሳይ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። የቤት አበሉ፣ የትራንስፖርት አበሉ፣ ማታ ማታ የሚሠራበት ራይድ፣ በእህቱ ስም ያለው ሱቅ እዚያ የሉም። ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለባንክ፣ ለገቢዎች ቢሮ ጽፎ ዝርዝሩን እንዲያስመጣላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልጠየቃችሁ የቀረበው ደብዳቤ እውነት ሆኖ ይጸናል። ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ እንዲገባ አስወስኑ፤ በየወሩ ስልክ እየደወሉ ከመለመን ያድናል። መክፈል ሲያቆም ወራት አትቁጠሩ፣ አፈጻጸም ክፈቱ። እየቻሉ የልጅን ቀለብ አለመክፈል በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። የተወሰነው መጠን የማይነካ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በፊት በተቆረጠ ቀለብ ልጅ የምታሳድጉ፣ ይሻሻልልኝ ብላችሁ አመልክቱ። ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ግን ከፍቺ በኋላ በየወሩ የሚከፈል ቀለብ በዚህ ሕግ የለም፤ ያላችሁ ድርሻችሁ ነው። ስለዚህ ንብረቱን ችላ አትበሉ።

በንብረት ላይ አጭር ነኝ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ሁሉ፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ውርስና ስጦታ የግል ነው። ይህን በተለይ የምነግረው በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ ሠርታችሁ ለላካችሁ እህቶቼ ነው። በላካችሁት ገንዘብ የተሠራው ቤት በባላችሁ ስም ስለሆነ ብቻ የእሱ አይሆንም። ጋብቻው የተፈጸመበትን ቀንና ገንዘቡ የተላከበትን ደረሰኝ ጠብቁ። በሰው እጅና ከባንክ ውጭ በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ግን ወረቀት የለውም፤ በእሱ ላይ ስንከራከር ብዙ ጊዜ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን።

ሽማግሌ መረጣ ሲባልም አትደንግጡ። ዳኛው አስቀድመው ራሳቸው ሊያስታርቁ ይሞክራሉ፣ ከዚያ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትነጋገሩ ይላሉ፣ ወይም ቢበዛ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ። ዕርቅ ካልመጣ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት በደረሰ ወይም ጊዜው ባለቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል። ሽማግሌ ማፋታት አይችልም፤ አትፋቱም ብሎ ማስገደድም አይችልም። ስትመርጡ አጎትና የክርስትና አባት ብቻ አትምረጡ። የተደበደበችን ሴት ቻይው የሚል ሽማግሌ ፊት ሦስት ወር መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና፣ ቢያንስ አንዱ እናንተን በእርጋታ የሚሰማ ሰው ይሁን።

ከቻላችሁ በስምምነት ተፋቱ። ምክንያት እንድትናገሩ አትገደዱም፣ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ሲያይ ልጆቹን የሚጎዳ ነገር ካገኘ ፍቺውን አጽድቆ ያን ክፍል ራሱ ሊወስን ይችላል። ቢሆንም እዚያ እስኪደርስ አትጠብቁ። የምትፈርሙት ወረቀት ላይ አባት እንደ አቅሙ ይረዳል፣ በተመቸው ቀን ልጁን ያያል የሚል ካለ ሳትፈርሙ መልሱት። ስንት ብር፣ በወሩ ስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሂሳብ፤ ቅዳሜ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ልጁን ከየት ተረክቦ የት እንደሚመልስ፣ የገናና የፋሲካ ዕለት ከማን ጋር እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። የአፈጻጸም ዳኛ በወረቀቱ ላይ ያለውን እንጂ ያሰባችሁትን ማስፈጸም አይችሉም።