የእርሳስ ወታደሮች፦ መጫወቻ ወይስ ታሪክ?

«እርሳስ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መጻፊያው ነው። የመጻፊያው ውስጥ ግን ግራፋይት ነው እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ዛሬ የምናነሳው ከእውነተኛው፣ ከከባዱ እርሳስ ስለተሠሩ የጥንት መጫወቻ ወታደሮችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው ነው።

የጀርመኗ ኑረንበርግ ከተማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጠፍጣፋ የብረት ወታደሮች ታወቀች። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊሊያም ብሪተን ውስጠ ባዶ ወታደር መሥራት ጀመረ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ዳር ዳሩ ቶሎ ይረጋል፤ መሀሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ተገልብጦ ይወጣል። ብረቱ ይቆጠባል፣ ዋጋው ይረክሳል። ቀለሙን ግን ሠራተኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ በእጃቸው አንድ በአንድ ይቀቡት ነበር።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን በወረረችበት ሰሞን ይኸው ፋብሪካ የኢትዮጵያንና የኢጣሊያን ወታደሮች ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። እዚህ አያቶቻችን በመርዝ ጋዝ ሲያልቁ፣ እዚያ ጦርነቱ የልጆች መጫወቻ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ አሻንጉሊትም የዘመኑን አስተሳሰብ ይመሰክራል።

ሰብሳቢ አንድን ወታደር ሲገዛ የመጀመሪያው ቀለም አለመነካቱን፣ አካሉ አለመጉደሉን፣ ሣጥኑ መኖሩን ያያል። እንደገና የተቀባ ዋጋው ይወርዳል። አቀማመጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዳንድ እንጨት የሚያወጣው አሲድነት ያለው ትነት እርሳሱን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን መርዝነቱ ነው። እርሳስ በሕፃን ሰውነት ውስጥ ሲገባ አእምሮን ይጎዳል፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስካሁን አልታወቀም። የብሪተን ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሳስ ወታደር መሥራቱን አቁሞ ወደ ፕላስቲክ ዞረ።

ታዲያ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ትምህርቱ ምንድን ነው? የማስተማሪያ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ መሥራት ግዴታችን ነው። ነገር ግን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጠን ሞዴል እናውጣ የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ በፍጹም አይሆንም! ጭሱም ትቢያውም መርዝ ነው። ጭቃ መቼ አጣንና? ከጭቃ የተሠራ ወታደር ቢሰበርም ልጅ አይጎዳም።